የመኪና ጭስ ማውጫ ቱቦ ሲበላሽ ስለ መለወጥና ምትኩን ስለ መምረጥ

አንድ ነጋዴ የጭነት መኪናውን ለረዥም ጕዞ ሲያሰናዳ አስቀድሞ ጎማውን፣ ቀጥሎም ዘይቱንና ፍሬኑን ያስመረምራል፤ ከመኪናይቱ ሆድ ሥር ተንጠልጥሎ የሚሄደውን የጭስ ማውጫ ቱቦ ግን ድምፁ መንደር እስኪያውክ ድረስ የሚያስታውሰው የለም። ድምፁ ከፍ ካለ በኋላም ቢሆን ብዙዎች ነገሩን እንደ ነውር እንጂ እንደ አደጋ አይቈጥሩትም። ይህን ጽሑፍ የማቀርበው በመዘዞ ከተማ በአንድ የእህልና የሸቀጥ ነጋዴ ዘንድ በጸሐፊነት የምሠራ በመሆኔ ነው፤ የመለዋወጫ ደረሰኝ፣ የጋራዥ ሒሳብና የሾፌሮች ማስታወሻ በየዕለቱ በእጄ ስለሚያልፍ፣ ያየሁትንና ከባለሙያዎች ጠይቄ የተረዳሁትን ለአስመጪዎችና ለባለሱቆች ማካፈል ይጠቅማል ብዬ አስቤአለሁ።

በመጀመሪያ የዕቃውን ሥራ በአጭሩ እንግለጽ። በሞቶሩ ውስጥ ቤንዚን ወይም ናፍጣ በተቃጠለ ቍጥር የሚወጣው ትኩስ ጋዝ ከየሲሊንደሩ ወጥቶ፣ ጭስ ሰብሳቢ በሆነው ባለ ቅርንጫፍ ብረት ይጠራቀማል፤ ከዚያም በፊተኛው ቱቦ በኩል ወደ ታች ይወርዳል። በብዙ መኪናዎች ላይ የሞቶሩን ንቅናቄ የሚያበርድ በሽቦ የተጠለፈ ተጣጣፊ ቱቦ፣ በዘመናዊ የቤንዚን መኪናዎችም ላይ ጋዙን የሚያጣራ ካታሊስት ይገኛል። ቀጥሎ ድምፅ የሚውጠው በርሜል መሳይ ዕቃ፣ በመጨረሻም ጭሱን ወደ ኋላ ወይም ወደ ጐን የሚተፋው ጅራት ይከተላል። ድምፅ የሚውጠውን ዕቃ ጋራዦቻችን «ማርሚታ» ይሉታል። ቃሉ የኢጣሊያ ነው፤ ትርጕሙም ትልቅ ድስት ማለት ነው። ከኮፋኖና ከፍሪሲዮን ጋር አብሮ ገብቶ እኛ ዘንድ ቀርቷል። ገዢ ወደ ሱቅ መጥቶ «ማርሚታ ስጡኝ» ሲል አንዳንዱ በርሜሉን ብቻ፣ አንዳንዱ ደግሞ ከሞቶሩ እስከ ጅራቱ ያለውን ሁሉ ማለቱ ስለ ሆነ፣ ባለሱቁ ከመደርደሪያው ከማውረዱ በፊት የቱን እንደ ሆነ መጠየቅ ይገባዋል።

ቱቦው ከውጭ በጭቃና በዝናብ እንደሚዝግ ማንም ያውቃል፤ ነገር ግን የሚበዛው ጕዳት የሚጀምረው ከውስጥ ነው። አንድ ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል አንድ ሊትር ያህል ውሃ በእንፋሎት መልክ ይወጣል። መኪናይቱ ሩቅ መንገድ ስትሄድ ቱቦው በሙሉ ስለሚግል እንፋሎቱ ተጠርጎ ይወጣል፤ ሞቶሩ ተነሥቶ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ሠርቶ ሲጠፋ ግን ውሃው በቀዝቃዛው ማርሚታ ውስጥ ይቀራል። በነዳጁ ውስጥ ካለው ድኝ የሚገኘው ጋዝም ከውሃው ጋር ሲቀላቀል አሲድ ስለሚሆን ብረቱን በቀስታ ይበላዋል። ስለዚህ ከመጋዘን እስከ ገበያ፣ ከገበያ እስከ ቤት ብቻ የምትመላለስ መኪና ማርሚታዋ ከአዲስ አበባ ደሴ ከምትመላለሰው ቀድሞ ቢበሳ የሚያስደንቅ አይደለም። እንደ መዘዞ ባለ ደጋ አገር ደግሞ ውርጭ ባለበት ማለዳ ቱቦው እስኪግል የሚፈጀው ጊዜ ስለሚረዝም፣ በውስጡ የሚጠራቀመው ውሃ ይበልጣል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልጠቅስ አላልፍም። በብዙ ማርሚታዎች ሆድ ላይ ከታች በኩል የምስማር ራስ የምታክል ቀዳዳ ትገኛለች። ይህች ቀዳዳ ከፋብሪካው ሆነ ተብሎ የተበሳች የውሃ መውጫ ናት። በማለዳ ሞቶር ሲነሣ ከእርሷ ውሃ ሲንጠባጠብ ያየ ሾፌር «ማርሚታዬ ተበሳ» ብሎ ወደ በያጅ ይሮጣል፤ በያጁም ይደፍንለታል፤ ውሃው መውጫ ስላጣም ዕቃው ሳይዘገይ ከሥሩ ይበሰብሳል። ባለሱቅ አዲስ ማርሚታ ሲሸጥ ቀዳዳይቱን ለገዢው በጣቱ ቢያሳየው «የተበሳ ዕቃ ሸጠኸኛል» ከሚል ክርክርም ይድናል።

ከዚህ በኋላ ወደ ዋናው ጉዳይ እንገባለን። ከሞቶር የሚወጣው ጭስ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ አለበት። ይህ ጋዝ ቀለም የለውም፤ ሽታም የለውም። ወደ ሳንባ ሲገባ በደማችን ውስጥ ኦክስጅንን ከሚሸከመው ቅመም ጋር ከኦክስጅን ይልቅ ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ስለሚጣበቅ፣ ሰውየው እየተነፈሰም አየር ያጥረዋል። ከ3,000 ሜትር ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ከዐሥር ሰባት እጅ ያህል ብቻ ስለ ሆነ፣ የሚተነፈሰው ኦክስጅን ቀድሞውንም ትንሽ ነው። ከዚህም በቀር በካርቡራተር የሚሠራ አሮጌ ሞቶር ለቈላ እንደ ተስተካከለ ወደ ደጋ ሲወጣ፣ ነዳጁ ከአየሩ ልክ በላይ ስለሚሆንበት የሚተፋው መርዝ ይጨምራል። እንግዲህ ደገኛው ሦስቱንም በአንድነት ያገኛቸዋል፦ የሳሳ አየር፣ መርዙ የበዛ ጭስ፣ በብርድ ምክንያት የተዘጋ መስኮት።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በክረምት ማለዳ ከመዘዞ ወደ ደብረ ብርሃን በሚሄድ አንድ ሚኒባስ ተሳፍሬ ነበር። መስኮቶቹ ሁሉ ተዘግተው ነበር። ጣርማ በር ሳንደርስ ከኋላ ወንበር የተቀመጡት ራሳቸውን አመማቸው፤ አንዲት እናት አስመለሳቸው፤ አንድ ሕፃንም በአናቱ አንቀላፍቶ አልነቃ አለ። ሁሉም «የመንገዱ መጠማዘዝ ነው» ይሉ ነበር። አንድ አረጋዊ ተሳፋሪ በኋለኛው በር ሥር የሚገባ ጭስ አይተው ካላስቆምን ብለው ጮኹ። ወርደን ስናይ ጅራቱ ከማርሚታው ተቈርጦ፣ ጭሱ ከወለሉ ሥር እየተጠራቀመ በበሩ ስንጥቅ ወደ ውስጥ ይሳብ ነበር። ሕፃኑ ነፋስ ሲያገኝ ነቃ። ሾፌሩ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ከኋላ የተቈረጠች አንድ ክንድ ቱቦ ድምፅ ከመጨመር በስተቀር ሌላ ነገር ታመጣለች ብሎ አላሰበም እንጂ። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና እንቅልፍ በመኪና ውስጥ ብዙ ሰዎችን በአንድ ጊዜ ከያዘ መስኮት መክፈት፣ መኪናውንም አቁሞ መውረድ ይገባል። በኢጣሊያ ወረራ ዘመን በተቦረቦረው፣ ርዝመቱ ከግማሽ ኪሎ ሜትር በሚበልጠው የጣርማ በር ዋሻ ውስጥ መኪናዎች ተሰልፈው በሚቆሙበት ጊዜማ፣ የራስ ቱቦ ደኅና ቢሆንም ሞቶርን ማጥፋት ብልኅነት ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ የጭነት መኪና ያላቸውን ነጋዴዎች ይመለከታል። ኢሱዙን በመሳሰሉ የናፍጣ መኪናዎች ላይ በጭስ ማውጫው መንገድ የተተከለ የጭስ ፍሬን አለ። ሾፌሩ ቍልቍለት ሲይዝ ማብሪያውን ይስባል፤ በቱቦው ውስጥ ያለች መዝጊያ ትዘጋለች፤ ጋዙ መውጫ አጥቶ በሞቶሩ ላይ ስለሚጫነው ሞቶሩ ራሱ መኪናይቱን ይይዛል። በዚህም የእግር ፍሬኑ ሳይግል ይቈያል። ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና፣ ከዚያም በአርማንያ በኩል ወደ ሸዋ ሮቢት የሚወርደው መንገድ ከ3,000 ሜትር በላይ ከሆነ ከፍታ ወደ 1,300 ሜትር ገደማ የሚያወርድ ስለ ሆነ፣ በዚያ ቍልቍለት ሙሉ ጭነት ይዞ በእግር ፍሬን ብቻ መውረድ ምን እንደሚያስከትል የአገሩ ሰው ሁሉ ያውቃል። ነገር ግን ከሞቶሩ እስከ መዝጊያዋ ባለው ቱቦ ላይ ስንጥቅ ወይም የተበላ ጋስኬት ካለ ጋዙ በዚያ ያመልጣል፤ ፍሬኑም ስሙ ብቻ ይቀራል። ከዚህ የከፋው ደግሞ ቱቦው ሲለወጥ መዝጊያይቱ «ተጣብቃለች» ተብላ ተነሥታ፣ በምትኩ ባዶ ቱቦ ተበይዶ መኪናይቱ ለባለቤቷ ስትመለስ ነው። ባለቤቱ ሒሳቡን ሲከፍል ፍሬኑ እንደ ተነሣ የሚነግረው የለም። ስለዚህ መኪናውን ከጋራዥ የሚረከብ ጸሐፊም ሆነ ባለቤት፣ ከደረሰኙ ጋር የወለቀውን አሮጌ ዕቃ አምጡልኝ ማለት አለበት። እኛ ዘንድ አሮጌው ዕቃ ሳይታይ ሒሳብ አይከፈልም፤ ሾፌሮቹ በመጀመሪያ ቅር ቢላቸውም ለምደውታል።

ጕዳቱን ለመፈለግ ብዙ መሣሪያ አያስፈልግም። ሞቶሩ በቀዘቀዘበት ሰዓት ተነሥቶ፣ ረዳቱ ወፍራም ጨርቅ ይዞ የጅራቱን አፍ ለጥቂት ጊዜ ሲያፍነው፣ የሚያፈስ ቦታ ካለ «ፍስስ» የሚል ድምፅ ይሰጣል። መገጣጠሚያው ላይ የሳሙና ውሃ ቢቀባ አረፋው ቦታውን ያሳያል። ጥቁር የጥላሸት መስመር በብረቱ ላይ ከታየ ደግሞ ጭሱ በዚያ እንደሚያመልጥ የማያሻማ ምልክት ነው። በዘመናዊ የቤንዚን መኪና ላይ ከኦክስጅን መለኪያው በፊት ያለ ቀዳዳ የውጭ አየር ስለሚያስገባ፣ መለኪያው ተሳስቶ ነዳጅ እንዲጨመር ያዛል፤ በዚህ ምክንያት «መኪናዬ ቤንዚን ትጠጣለች» እየተባለ ደኅናው ዕቃ ሁሉ ተራ በተራ ሲለወጥ ይታያል። በ2002 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቍጥር 681 መሠረት በሚደረገው ምርመራ ለቦሎ ከመቅረብ በፊት ይህን ትንሽ ፍተሻ ማድረግ መመላለስን ያስቀራል።

አሁን ስለ ምትክ ዕቃ እንነጋገር። ከመኪናው ፋብሪካ የሚመጣው ዋናው ቱቦ ውድ በመሆኑ በሶማሌ ተራም ሆነ በክፍለ አገር ሱቆች የሚሸጠው አብዛኛው ሌሎች ፋብሪካዎች የሚሠሩት ምትክ ነው። ምትክ መሆኑ ብቻ አያስነቅፈውም፤ ዋናው ነገር የብረቱ ዐይነት ነው። ርካሹ ተራ ብረት ጥቁር ቀለም የተቀባ ነው፤ ቀለሙ በመጀመሪያው ሳምንት በሙቀት ይቃጠልና ይረግፋል። ከእርሱ የሚሻለው በአሉሚኒየም የተለበጠ ብረት ነው፤ መልኩ ደብዛዛ ብርማ ሲሆን፣ ልባጡ እስካልተቧጨረና በብየዳ እስካልተቃጠለ ድረስ ዝገትን ለብዙ ጊዜ ይቋቋማል። ሦስተኛው የማይዝግ የሚባለው ብረት ነው። ስለዚህኛው ገበያው ውስጥ የተሳሳተ ሐሳብ አለ፤ ይኸውም ማግኔት የሚስበው ሁሉ አስመሳይ ነው የሚለው ነው። ለጭስ ማውጫ በብዛት የሚውለው 409 የሚባለው ዐይነት 11 ከመቶ ገደማ ክሮሚየም ያለው ሲሆን ማግኔት ይስበዋል፤ 304 የሚባለውና ኒኬል ጭምር ያለበት ግን አይሳብም። እንግዲህ ማግኔት ይዞ ወደ ገበያ የሚሄድ ገዢ ደኅናውን ዕቃ ትቶ ሊመለስ ይችላል። 409 ፊቱ ቢያደፍና ቡናማ ቢመስልም በቶሎ አይበሳም።

ሁለተኛው ነገር ልክ ነው። ቱቦ በውጭ ስፋቱ ወይም በውስጥ ስፋቱ ሊለካ ይችላል፤ ትእዛዙ ላይ የትኛው እንደ ሆነ በግልጽ ካልተጻፈ ክርክር ይነሣል፤ ተጽፎም ቢሆን የሚያስብል አቅራቢ አለ። አንድ አቅራቢ ውስጣቸው 51 ሚሊሜትር የሆነ ማገጣጠሚያ ቱቦዎችን በጽሑፍ አዘን ሳለ፣ ውጫቸው 51 የሆነ ልኮልን «ቍጥሩ አንድ ነው» ብሎ ተከራክሮናል። የግድግዳው ውፍረት 1.5 ሚሊሜትር ስለ ሆነ ውስጣቸው 48 ብቻ ነበር፤ ባለ 2 ኢንች ቱቦ ላይ፣ ማለት 50.8 ሚሊሜትር ውጭ ባለው ላይ፣ ሊጠልቁ አልቻሉም። ዕቃው እስከ ዛሬ መጋዘን አለ። ስለዚህ በትእዛዝ ወረቀት ላይ የውጭ ስፋት፣ የውስጥ ስፋትና የግድግዳ ውፍረት ሦስቱም ይጻፉ፤ ባለሱቅም በጠረጴዛው ላይ የልክ መለኪያ ይኑረው። ቱቦው ሲሰፋ ጕልበት ይጨምራል የሚሉ ሰዎች አሉ፤ ለተራ መኪና ከልኩ ያለፈ ስፋት ድምፅ እንጂ ጕልበት አያመጣም፤ ከልኩ የጠበበው ደግሞ ሞቶሩን ያፍናል። ሲታጠፍ የተጨማደደ ቱቦም በክርኑ ላይ እንደ ጠበበ ስለሚቈጠር መግዛት አይገባም።

የመለወጡ ሥራ እንዲህ ነው። ሥራው በሚሠራበት ዋዜማ ማታ ብሎኖቹና ዳዶዎቹ ሁሉ ዝገት በሚያላቅቅ ዘይት ይርሳሉ፤ ሲነጋ ግማሾቹ ሳይሰበሩ ይፈታሉ። ሞቶሩ ፈጽሞ መቀዝቀዝ አለበት፤ በቤንዚን መኪና ላይ ከሞቶሩ አጠገብ ያለው ጭስ ከ700 ዲግሪ በላይ ሊግል ስለሚችል ብረቱ ሙቀቱን ለረዥም ጊዜ ይይዛል። መኪናይቱ ሜዳ ላይ ትቆማለች፤ በክሪክ ከተነሣች በኋላ ጠንካራ ድጋፍ ሳይደረግላት ማንም ከሥሯ አይግባ። ከዚህ ቀጥሎ ከጅራቱ ጀምሮ ወደ ፊት ይፈታል። የጎማ ማንጠልጠያዎቹ በሳሙና ውሃ ከተቀቡ በቀላሉ ይወልቃሉ፤ የተሰነጠቁትም በዚያው ይለወጡ፤ ዋጋቸው ትንሽ ሆኖ ሳለ አንዱ ሲበጠስ የሚወርደው ክብደት አዲሱን ቱቦ ይሰብረዋልና።

አዲሱ ሲገጠም ከፊት ወደ ኋላ ይሄዳል። በየመገጣጠሚያው አዲስ ጋስኬት ይገባል፤ አሮጌውን መልሶ ማስገባት ገንዘብ ማዳን አይደለም። አንዱ ቱቦ በሌላው ውስጥ ከ4 እስከ 5 ሴንቲሜትር ያህል ይጠልቃል። ብዙ ሠራተኞች የመጀመሪያውን መገጣጠሚያ አጥብቀው ከጨረሱ በኋላ ወደ ቀጣዩ ያልፋሉ፤ መጨረሻው ላይ ሲደርሱም ጅራቱ ተጣምሞ ከሻንሲው ጋር ይላተማል። ትክክለኛው ሁሉንም ላላ አድርጎ መስቀል፣ ቱቦው ከነዳጅ ታንከሩ፣ ከፍሬን ቱቦዎችና ከኤሌክትሪክ ገመዶች መራቁን በእጅ እየነቀነቁ ማየት፣ ከዚያም ከፊት ጀምሮ ማጥበቅ ነው። ተጣጣፊው ቱቦ ተጠምዝዞ ወይም ተወጥሮ እንዳይቀር ልዩ ጥንቃቄ ያሻል። ሞቶሩ ሲነሣ በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ከቱቦው ውጭ ጥቂት ጭስ ቢታይ ለመጓጓዣ የተቀባው ዘይት ሲቃጠል ነው። ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር ከተሄደ በኋላ ክላምፖቹ ሁሉ እንደገና ይጥበቁ፤ ብረቱ ግሎ ሲቀዘቅዝ ስለሚላሉ ነው።

ስለ ብየዳ ሁለት ቃል ልጨምር። በብየዳ መጠገን ክፉ አይደለም፤ ብረቱ ደኅና ሆኖ ስፌቱ ብቻ ከተላቀቀ ርካሽና ጠንካራ መፍትሔ ነው። ነገር ግን እንደ ወረቀት የሳሳውን ብረት መበየድ ቀዳዳውን ማስፋት ነው። ለምትክነት ዚንክ የተለበጠ የውሃ ቱቦ የሚያቀርቡ በያጆች አሉ። ክብደቱ ማንጠልጠያዎቹን ይጐዳል፤ ሲበየድም ከዚንኩ የሚወጣው ነጭ ጭስ በያጁን ራሱን ብርድ ብርድ የሚያሰኝ ትኩሳት ያሲዘዋል። በኤሌክትሪክ ብየዳ ጊዜ የባትሪው ገመድ ካልተፈታ የመኪናይቱ ኮምፒውተር ሊቃጠል ይችላል፤ የቱቦው ጥገና በዚህ ምክንያት ከሞቶር ጥገና የበለጠ ዋጋ ሊያስከፍል ነው።

ካታሊስት ያላቸው መኪናዎች የራሳቸው ጣጣ አላቸው። በውስጡ ፕላቲነም፣ ፓላዲየምና ሮዲየም የሚባሉ ውድ ማዕድናት ስላሉ አሮጌውን የሚፈልግ ገዢ ሞልቷል፤ ባለቤቱ ግን ዋጋውን ስለማያውቅ በቍራሌው ብረት ሒሳብ ይለቀዋል። አውልቆ ባዶ ቱቦ ማስገባት መርዙን ያበዛል፤ በመኪናው መስታወት ሥር ያለውን የማስጠንቀቂያ መብራትም ያበራል። ቀድሞ ካታሊስትን ያበላሽ የነበረው እርሳስ ያለበት ቤንዚን ከሰሐራ በታች ባሉት አገሮች እስከ 2006 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ድረስ ከገበያ ስለ ወጣ፣ ዛሬ «ቤንዚናችን ያበላሸዋልና ቢወልቅ ይሻላል» የሚለው ምክንያት አይሠራም። በጭድና በደረቅ ሣር ላይ መኪና ማቆም ግን ዛሬም ያስፈራል፤ የጋለ ካታሊስት አውድማ ያቃጥላል።

በመጨረሻ ለአስመጪዎች። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተወሰነ ወዲህ፣ በመንገድ ላይ ያሉት እያረጁ ስለሚሄዱ የጭስ ማውጫ ዕቃ ፈላጊው አይቀንስም። በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 ቀን የውጭ ምንዛሪ በገበያ ዋጋ እንዲሠራ ከተደረገ በኋላ ግን የዕቃው ዋጋ በብር ሲተመን እጅግ ስለ ወጣ፣ ምን እንደሚጫን ማሰብ ያስፈልጋል። ተገጣጥሞ የሚመጣ ሙሉ ቱቦ ክብደቱ ትንሽ፣ ቦታ የሚይዘው ግን ብዙ ነው፤ ኮንቴይነሩ የሚሞላው በአየር ነው ማለት ይቻላል፤ ኪራዩም እስከ ጅቡቲ ለዚያ አየር ይከፈላል። ተጣጣፊ ቱቦ፣ ጋስኬት፣ ክላምፕ፣ የጎማ ማንጠልጠያና በልክ የሚመረጡ ማርሚታዎች ቢጫኑ፣ ቀጥታ ቱቦውም አንዱ በአንዱ ውስጥ ገብቶ ቢመጣ፣ ክርኑን እዚህ ያለው በያጅ ይሠራዋል። በጉምሩክ ሰነድ ላይ ማርሚታና የጭስ ማውጫ ቱቦ በ8708.92 ይመደባሉ፤ ካታሊስት ብቻውን ሲመጣ ከ2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በ8421.32 ነው፤ ገና ያልተሠራ የተበየደ የብረት ቱቦ ደግሞ በ7306 ሥር ይገባል። ሦስቱ በአንድ ሣጥን ሲመጡ በየራሳቸው መስመር ተለይተው ይጻፉ።